ምሳ ሰዓት ብቻ አይተሽ አትወስኚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አሮጌ ቤት እየፈረሰ ፎቅ በሚወጣበት ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ከነሕንፃውና ከነኩሽና ዕቃው ለሽያጭ ቀርቧል። ባለቤቱ «ሁለት ዓመት ብቻ ታገሺ፣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» ብሎሻል። ምሳ ሰዓት ሄደሽ ቤቱን ጢም ብሎ አግኝተሽዋል። ልግዛ ወይስ ልተወው ነው ያልሽው። እኔ ከዓመታት በፊት ልክ እንዲህ ያለ ቤት ገዝቻለሁ፤ ዛሬም በእጄ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

እኔም ቤቱን ያየሁት ምሳ ሰዓት ነበር። ወንበር ጠፍቶ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ያላየሁት የተመጋቢዎቹን ጫማ ነው። አብዛኛው ሲሚንቶ የነካው ነበር። ለካ ፊት ለፊት የሚሠራው ፎቅ ሠራተኞች ናቸው። ፎቁ ሲያልቅ ወደ ሌላ ሳይት ሄዱ። ነዋሪ እስኪገባበት ደግሞ ሕንፃው ስምንት ወር ባዶውን ቆመ። ያን ስምንት ወር ደሞዝ የከፈልኩት ከኪሴ ነው። ስለዚህ ጠዋትም፣ ማታም፣ ቅዳሜና እሁድም ሂጂ። በሩ አጠገብ ቁሚና ስንት ሰው እንደሚያልፍ፣ ስንቱ እንደሚገባ ቁጠሪ። ከየት እንደመጡም ጠይቂ። በሚለወጥ ሰፈር የዛሬው ደንበኛ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያ ላይኖር ይችላል።

አሁን ወደ ጭስ ማውጫው ልምጣ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝም እሱ ነው። የኔ ቤት ምድር ላይ ያለ ባለ አንድ ወለል ነው። ድሮ ጎረቤቶቹም ዝቅ ያሉ ስለነበሩ ጭሱ በጣሪያ ወጥቶ ይበተናል፣ ማንንም አይነካም። ከጎናችን ባለ ስምንት ወለል መኖሪያ ሲቆም ግን የጭስ ማውጫችን አፍ ከአንድ ቤት መስኮት ትይዩ ሆነ። አንድ ቀን ጎረቤታችን የታጠበ ነጭ አንሶላ ታቅፈው መጡና «እስኪ አሽትተው» አሉኝ። አሸተትኩት። የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። እውነታቸውን ነው።

ቱቦውን እስከ ፎቁ አናት መቀጠል ነበረብኝ። ቱቦ ሲረዝምና ሲጠማዘዝ ደግሞ አሮጌው ሞተር ጭሱን መሳብ ያቅተዋል። ኩሽናው በጭስ ታፈነ፣ ሞተሩም ተቀየረ። የሚወጣውን አየር የሚተካ ንጹሕ አየር የሚገባበት ቀዳዳም ተከፈተ። የቱቦው ውስጥ ሲፈተሽ ጣት የሚያህል የደረቀ ቅባት ተገኘ፤ እሳት ቢነካው ሙሉ ቤቱን ይበላ ነበር። ስለዚህ ከምትገዢው ቤት ይልቅ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ አጥብቀሽ መርምሪ። ስንት ወለል እንደተፈቀደበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቂ። የመንገድ ማስፋፊያ መስመር በደጃፉ ያልፍ እንደሆነም አብረሽ እይ።

ፍሳሹ ሌላው ነው። በከፈትን በሦስተኛው ሳምንት፣ እራት ሰዓት ላይ፣ ከኩሽናው ወለል ውሃ ወደ ላይ መምጣት ጀመረ። ቱቦው ተቆፍሮ ሲወጣ ውስጡ እንደ ሻማ ነጭ ሆኖ ደርቋል። የቅባት ማጣሪያ ሳጥኑ፣ ማለትም የኩሽናው ውሃ ወደ ፍሳሽ ከመግባቱ በፊት ቅባቱን የሚያስቀረው፣ ለዓመታት አልተጠረገም ነበር። ሳጥኑ ሩብ ያህሉ በቅባትና በዝቃጭ ሲሞላ መጠረግ አለበት። ሻጩ መቼ እንዳስጠረገው ደረሰኝ ካላሳየሽ፣ ባለሙያ በካሜራ ቱቦውን ይይልሽ። ከጥገናው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው።

ዕቃውን በዝርዝር አስጽፊ። ማቀዝቀዣውን ሥራ አስጀምረሽ በማግስቱ ተመለሺና እይው። መብራቱ ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ትልልቅ የኩሽና ዕቃ የሚችል ኃይለኛ መስመር፣ መሆኑን አረጋግጪ።

ወረቀቱን ጠበቃ ይመልከተው፤ የባንክ መያዣ፣ እገዳ፣ የግብርና የውሃ ውዝፍ። አንድ ነገር ግን ራስሽ ጠይቂ፦ ቦታው ዛሬም ለምግብ ቤት ይፈቀዳል ወይ? አንዳንድ ቦታ የሰፈሩ ፕላን ተቀይሮ ነባሩ ንግድ ብቻ እንዲቀጥል ይፈቀዳል፤ ንግዱ ለጊዜው ሲቋረጥ ወይም ዓይነቱ ሲቀየር ግን ያ መብት ሊቀር ይችላል። ያኔ የገዛሽው ምግብ ቤት አይሆንም፣ አዳራሽ ነው።

«እጥፍ ይሆናል» ስላለሽ፦ ይሆን ይሆናል። አንቺ ግን በዛሬ ኪራይ አስይው። ተመሳሳይ ቤት ዛሬ በዓመት ስንት ይከራያል? ከዚያ ላይ ግብሩን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱንና ቢያንስ የሁለት ወር ባዶነት ቀንሺ። የቀረውን ለመግዣው ዋጋ አካፍዪ። ውጤቱ በመቶኛ ሲታይ ከብድርሽ የዓመት ወለድ መጠን ካነሰ፣ ለመጠበቅ ብቻ በየወሩ ከኪስሽ እየከፈልሽ ነው ማለት ነው። ስንት ወር እንደምትችዪ ደግሞ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ባለቤቱንም እጥፍ የሚሆን ከሆነ ለምን አሁን እንደሚሸጠው በአክብሮት ጠይቂው። ሕመም፣ እርጅና፣ የውርስ ክፍፍል፣ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የኔው ሻጭ ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር፤ እውነቱን ነግረውኛል።

እኔን ከጠየቅሽ፣ ሒሳቡ በዛሬ ኪራይ ከቆመልሽ ግዢው። ካልቆመ የጭስ ማውጫውንና የፍሳሹን ወጪ በባለሙያ አስገምተሽ ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። ባለቤቱ እምቢ ካለ ተይው። ቀብድ ግን ለጊዜው አትክፈዪ። መጀመሪያ የጎኑ ባዶ ቦታ የማን እንደሆነና ምን ሊሠራበት እንደታሰበ አጣሪና እዚሁ ጻፊልን፣ አብረን እናየዋለን።