በረኪና ስለምንይዝ ሰዎች፦ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ በፅዳት ሥራ 12 ዓመት ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ጉንፋኑ ስለበረታ ለሥራ ጓደኞቼ "ጠይቁኝ" ብያቸው ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች እነዚህን መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አለቃዬ "ቫይረሱ እንዲሞት በረኪናውን አብዢው" ትለኛለች። ልክ ናት?

መልስ፦ አይደለችም እህቴ። ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዳው አንቺን ነው፤ ዓይንሽን፣ ቆዳሽን፣ ሳንባሽን። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ ባለ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ 200 ሚሊ ሊትር ጨምረሽ ውኃ ሙዪው። ለበር እጀታም ለደረጃ መደገፊያም ይበቃል። ደም ወይም ትውከት ካለ መጀመሪያ አንሺው፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠሽ ቦታው ላይ 10 ደቂቃ አቆዪው። ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሁልጊዜ በሳሙና አስቀድሚ፤ ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበት የለውም። የዛሬውን ብጥብጥ ለነገ አታሳድሪ።

ጥያቄ፦ ሽንት ቤቱ እንዲነጣ በረኪናና አሲድ ብቀላቅልስ?

መልስ፦ በፍጹም! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በ2012 ኮሮና በገባ ሰሞን አንድ ሕንፃ ውስጥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ይህንኑ አደረገች። ስታስል ሰምቼ ጎትቼ አወጣኋት። እስከ ማታ ደረቷን ያዛት። እስከ ዛሬ ሳስበው ይጨንቀኛል፤ ማንም አልነገራትም ነበርና። ሎሚና አቼቶም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም ከበረኪና ጋር አይገናኝ። ድንገት ከተቀላቀለ ባልዲውን ትተሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ኮሪደሩ መስኮት የለውም። ማስክ አደርጋለሁ፤ አይበቃም?

መልስ፦ ማስኩ የሰው ሳል ይቀንስልሃል እንጂ የበረኪናውን ትነት አያስቀርም። የግራ ቀኙን በር ክፈት። ደግሞ አትርጭ፤ ጨርቅ ነክረህ ጥረግ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጓንቴ ሲቀደድ ፌስታል እያጠለቅሁ ነው የምሠራው።

መልስ፦ እማማ፣ ፌስታል ውኃ ያስገባል፣ ይንሸራተታልም። ወፍራም የላስቲክ ጓንት ያስፈልግዎታል። ሳያወልቁት በሳሙና ይጠቡት፣ ሲያወልቁ ደግሞ እጅዎን። መግዛቱ የአሠሪው ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዘዋል። ብቻዎን አይጠይቁ፤ ሁላችሁም አንድ ላይ ግቡ።

ጥያቄ፦ ውኃ በፈረቃ ነው። ዓይኔ ውስጥ ቢረጭብኝስ?

መልስ፦ ሥራ ሳትጀምር አንድ ጀሪካን ንጹህ ውኃ ለዚሁ ብቻ አስቀምጥ። ከተረጨብህ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያፈሰስክ ታጠብ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ጥያቄ፦ የተረፈውን በረኪና በሃይላንድ ቀድቼ ቤት እወስዳለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አደራሽን ተይው። ልጅ ውኃ መስሎት ያነሳዋል። ከጠጣ እንዳታስመልሺው፤ አፉን አጉመጥምጠሽ፣ ጠርሙሱን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሩጪ።