ጀርመን ሸፐርድ ወይስ ሮትዌይለር? ጅማ ላሉ ጠያቂ

ጀርመን ሸፐርድ ውሰድ፤ ሴቷን። ግቢዬ ጠባብ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ውሻ አሳድጌ አላውቅም ብለሃል። ወንድ ሮትዌይለር ሲያድግ 50 ኪሎ ይገባል። በጨዋታ ገፋ ቢያደርጋቸው እንኳ ልጆችህን መሬት ላይ ነው የምታገኛቸው። ሴት ሸፐርድ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ናት፣ ትእዛዝም ቶሎ ትይዛለች። ሮትዌይለር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጀማሪ ይከብዳል ነው የምልህ።

የሸፐርድ ጣጣዋ ፀጉሯ ነው። ድርብ ስለሆነ በጅማ ዝናብ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። ማደሪያዋን ከመሬት ከፍ አድርገህ በጣውላ ሥራላት። ማታ ማታ ከጆሮዋ ሥር መዥገር ፈልግ።

ደግሞ የቡችላዋን እናት ሳታይ ብር እንዳትከፍል። እኔ «ንጹህ ጀርመን ናት» ተብዬ የአንድ ወር ቡችላ መንገድ ላይ ገዛሁ። ጆሮዋ ግን እንደ ንጹህ ሸፐርድ ጆሮ ዓመት ሞልቷትም አልቆመም። እሱስ ይሁን፤ ገና በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጥ ያዛትና መርፌው በወለቀ ሲሪንጅ ውሃ ጠብ ሳደርግላት አደርኩ። 8 ሳምንት ያልሞላት ቡችላ አትውሰድ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም 3 ወር ሲሞላት አስከትባት።