ስሙን የቀየረ ወለድ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የደሴ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው ሻርጃ ነው። መኪና ልገዛ ብዬ «በሸሪዓ ነው የምንሠራው፣ ወለድ የለም» የሚል ባንክ ሄድኩ። መኪናዋ 60,000 ድርሃም ናት። እኔ ግን በወር 1,450 ድርሃም ለ48 ወር ክፈዪ ተባልኩ። ስደምረው 69,600 መጣ! ክርስቲያን ስለሆንኩ የሃይማኖቱን ነገር አላውቀውም። ግን ይሄ ወለድ አይደለም? አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ አትሸወጂ» ይለኛል።
የደሴዋ፣ ከሻርጃ

መልስ፦ ደህና ነኝ እህቴ። ወንድምሽ ግማሹን አግኝቶታል። 22 ዓመት ባንክ ቤት ብድር ክፍል ስለሠራሁ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማነሳው ካልኩሌተሬን ነው።

ያቀረቡልሽ ሙራባሐ ይባላል። ባንኩ ገንዘብ አያበድርሽም። መኪናዋን ራሱ ይገዛና ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥልሻል። እስልምና ወለድን ይከለክላል፣ ንግድን ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ባንኩ የግድ ነጋዴ መሆን አለበት፤ መኪናዋ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢሆን የእሱ ንብረት ሆና ማለፍ አለባት። በዚያች ሰዓት ብትጋጭ ኪሳራው የእሱ ነው። (እውነቱን ልንገርሽ፣ ያቺ ሰዓት ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለችው።)

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሰው ሲቸግረው ነው። ወንድምሽ በወለድ ተበድሮ ክፍያ ካዘገየ ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም፣ ቅጣቱም የባንኩ ገቢ ነው። ያንቺ ዋጋ ግን 69,600 ተብሎ ተቆርጧል፤ ብትዘገዪም አይወልድም። ቅጣት ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ሆኖም ባንኩ እንዳያተርፍበት ለበጎ አድራጎት እንዲሰጠው ነው የተለመደው ደንብ።

«ክርስቲያን ስለሆንኩ» ያልሽው ግን ፈገግ አሰኘኝ። እኛም እኮ ከዚያው ቤት ነን! ዳዊት በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድረውን ሲዘረዝር፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድረውን ይጠራል። በ1179 እ.ኤ.አ. ሮም የተሰበሰበው የካቶሊክ ጉባኤ በአራጣ የታወቀ ሰው በክርስቲያን ወግ እንዳይቀበር ወስኖ ነበር። ነጋዴዎቹስ ዝም አሉ? ፍሎረንስ ላይ በከተማዋ ገንዘብ በፍሎሪን ሰጥተው ለንደን ላይ በእንግሊዝ ገንዘብ ይቀበሉ ጀመር። ወለዱ ምንዛሪው ውስጥ ተደበቀ። በ1545 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እስከ 10 በመቶ ወለድ ፈቀደ፣ በ1552 ተሻረ፣ በ1571 ደግሞ ተመለሰ። እዚያ ጉዳዩ ቀስ በቀስ ከቄሱ እጅ ወጥቶ የፓርላማ ሆነ። የኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ብድር ላይ ያስቀመጠው ጣሪያ 12 በመቶ ነው።

እስራኤል ያለ ዘመድ ካለሽ «ሄተር ኢስካ» ምንድን ነው ብለሽ ጠይቂ። የአይሁድ ሕግም ከወገን ወለድ መውሰድን ስለሚከለክል፣ ባንኩና ደንበኛው አበዳሪና ተበዳሪ መሆናቸው ቀርቶ የንግድ ሸሪኮች ናቸው የሚል ውል ነው። የባንክ ቅርንጫፎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል።

ሕግ ካላገዘ ግን ሃይማኖቱ ብቻውን አይበቃም። ሙራባሐ ሁለት ሽያጭ ነው፤ ቤት ሲሆን የስም ማዛወሪያው ግብር ሁለቴ ይመጣል። እንግሊዝ ይህን ድርብ ግብር ያነሳችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

እኛም ጋ ሕጉ ዘግይቶ ነው የመጣው። አንድ ሙስሊም የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ ነበሩኝ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ መጥተው «እቺን ወለድ አውጡልኝ» ይሉኛል። ብሩን ተቀብለው በሩ ላይ ለተቀመጡት ምስኪኖች ያድሉታል። ሒሳብ ያለ ወለድ መክፈት ይቻላል ብንላቸውም ብድሩ ሁሉ በወለድ ስለነበር መውሰድ አይችሉም ነበር፤ ሱቃቸውን ያሰፉት በዘመድ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ በመደበኛ ባንኮች ውስጥ ከወለድ ነፃ መስኮት የፈቀደው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. (2013 ዓ.ም.) ነው። እኔ ያኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ወዳንቺ ሒሳብ እንመለስ። 9,600 ድርሃም ለ4 ዓመት ሲካፈል በዓመት 4 በመቶ ይመስላል፤ ሻጩም እንዲያ ነው የሚልሽ። ይህ ግን ከመጀመሪያው 60,000 ላይ የተሰላ ነው። አንቺ በየወሩ ስለምትከፍዪ ዕዳሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በቀሪው ዕዳ ላይ ሲሰላ ወደ 7.5 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ወንድምሽ ስንት በመቶ እንደሚከፍል ጠይቂውና ከ7.5 ጋር አወዳድሪው። ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት ቀድመሽ ብትጨርሺ ስንት እንደሚቀንሱልሽ በጽሑፍ ተቀበዪ፤ በቃል «አይዞሽ፣ እናያለን» ካሉሽ ፊርማሽን አቆዪው።