እንጆሪዬ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ ላልሽው

ሐረጎቹን ቁረጫቸው። ቅጠሉ ለምልሞ ፍሬው ጥቂትና ደቃቃ የሆነብሽ ተክሉ ጉልበቱን በሐረጎቹ ላይ ልጅ፣ ማለትም አዳዲስ ችግኝ፣ በማብዛት ስለሚጨርሰው ነው።

1. መሬት ለመሬት የሚሳብ ቀጭን ሐረግ ባየሽ ቁጥር ከመነሻው በመቀስ ቁረጪው። በእጅ አትጎትቺው፣ ሥሩን ያናጋዋል። ለመተኪያ እንዲሆንሽ ጥቂት ልጆች ብቻ አስቀሪ፤ እናትየዋ ከ3 ወይም 4 ዓመት በኋላ ምርቷ ስለሚቀንስ ያስፈልጉሻል።

2. በየሁለት ሳምንቱ ዩሪያ እሰጣለሁ ብለሻል። አቁሚው። ዩሪያ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ነው፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ቅጠል እያወጣ አበባውን ይተዋል። በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ይበቃዋል።

3. በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ማግኘቱን አረጋግጪ።

አንድ ነገር ግን አደራ፤ ፍሬው ሲመጣ ለመልቀም አትቸኩዪ። እንጆሪ እንደ ሙዝ ተቀምጦ አይበስልም። ከተቆረጠ በኋላ ቀለሙ ሊጠቁር ይችላል እንጂ ጣፋጭነት አይጨምርም። «ዘሩ ጎምዛዛ ነው» ብለው ሲያማርሩ ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቀድመው የሚለቅሙ ናቸው። ጫፉ ቀይ ስለሆነ ብቻ አትመኚው፤ ቀስ ብለሽ ቀና አድርጊውና ከአረንጓዴው ቆብ ሥር ያለውን ትከሻውን እዪ። እዚያ ነጭ ካለ ተዪው፤ አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ሌላ ፍሬ ነው የሚሆንልሽ። ዙሪያውን ሲቀላ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ፣ ፍሬውን ሳትጨብጪ የተንጠለጠለበትን ቀጭን ዘንግ በጥፍርሽ ቀንጥሺው። ቆቡ አብሮት ይምጣ። እርጥበት ቶሎ ስለሚያሻግተው የምታጥቢው ልትበዪው ስትይ ብቻ ነው።