አድሚኒስትሬተር ሆኖ ሳለ የሬጅስትሪ ቅጂ ለምን ይከለከላል?

ጤና ይስጥልኝ። ዊንዶውስ 10 ያለበትን የቢሮ ኮምፒውተር ከማደስዎ በፊት የሬጅስትሪውን (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን መዝገብ) መጠባበቂያ ቅጂ በ«ሬግ ሴቭ» ትእዛዝ ለመያዝ ሲሞክሩ፣ አካውንትዎ የአድሚኒስትሬተር ሆኖ ሳለ መብት የለዎትም እንደሚልዎት፣ የሬጅስትሪው ፋይሎች ያሉበትን የኮንፊግ ፎልደርም ኮፒ ማድረግ እንዳልቻሉ ጽፈዋል። በጥገና ሥራ ላይ ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይገጥመኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የአካውንቱ ሳይሆን ትእዛዙ የተጻፈበት መስኮት ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አድሚኒስትሬተር የሚከፍታቸው ፕሮግራሞች እንኳ በተራ ተጠቃሚ አቅም ስለሚነሡ፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕቱን) በቀኝ ክሊክ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለው ካልከፈቱት ትእዛዙ የሚያስፈልገውን የመጠባበቂያ መብት አያገኝም።

ሳም እና ሴኩሪቲ የተባሉት የሬጅስትሪው ክፍሎች ሬጅስትሪውን በሚያሳየው ፕሮግራም በሬጅኤዲት ሲታዩ ለአድሚኒስትሬተርም ባዶ ይመስላሉ፤ ውስጣቸውን እንዲያነብ የተፈቀደለት ሲስተም የተባለው የዊንዶውስ የራሱ አካውንት ነውና። ይህን አይተው ባለቤትነቱን ወደ ራሳቸው አዙረው «ፉል ኮንትሮል» የሚሰጡ ብዙ ናቸው፣ ምክሩም በየቦታው ይገኛል፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልደግፈውም። የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ ተሰልቶ የሚወጣ ኮድ) የሚቀመጠው ሳም ውስጥ ስለሆነ፣ ለአንድ ቀን ቅጂ ተብሎ የላላው ፈቃድ ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ማንኛውም ፕሮግራም እንደላላ ይቀራል። ደግሞም አያስፈልግም፤ የመጠባበቂያ መብት ያለው ፕሮግራም በክፍሉ ላይ የተጣለውን ክልከላ አልፎ እንዲያነብ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ «ሬግ ሴቭ» በአድሚኒስትሬተር ከተከፈተ መስኮት ሁለቱንም ምንም ሳይነካካ ይገለብጣቸዋል።

የኮንፊግ ፎልደሩ ነገር የፈቃድ ጉዳይ እንኳ አይደለም፤ ፋይሎቹን ዊንዶውስ ራሱ ይዟቸው ስለሚሠራ ኮምፒውተሩ እስካልጠፋ ድረስ በተራ ኮፒ አይወጡም። እዚያው ያለው፣ ዊንዶውስ የሬጅስትሪውን ቅጂ ያኖርበት የነበረው ሬግባክ ፎልደርም አያድንዎትም፤ ከዊንዶውስ 10 ስሪት 1803 ወዲህ በራሱ የሚወሰደው ቅጂ ስለቀረ ፋይሎቹ 0 ኪሎባይት ሆነው ነው የሚገኙት።

መስኮቱን በአድሚኒስትሬተር ከከፈቱ በኋላ ደግሞ በፊደል የተሰየመው የኔትወርክ ድራይቭ አልተገኘም ቢልዎት አይደናገጡ፤ ድራይቩ የተገናኘው በተራው መስኮት በኩል ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ሲ ድራይቭ ላይ በከፈቱት ፎልደር ያስቀምጡና ከዚያ ያዛውሩት። ሳም እና ሲስተም (እዚህ አካውንቱ ሳይሆን የሬጅስትሪው ክፍል) የተባሉት ፋይሎች አንድ ላይ ካሉ ሃሾቹን ማውጣት ስለሚቻል፣ ቅጂውን ቢሮው ሁሉ በሚዋዋሰው ፍላሽ ላይ እንዳያስቀምጡት አደራ።