መልስ፦ የጃዝ ሙዚቀኞችን ሕይወት ለማየት ከየትኛው ዘጋቢ ፊልም ልጀምር?

ጃዝ ብዙም አልሰማሁም፣ ከየትኛው ልጀምር ላልከው፣ እኔ ብሆን ከፒያኖ ተጫዋቹ ከቴሎኒየስ ሞንክ ነው የምጀምረው። ፊልሙ «ስትሬት፣ ኖ ቼዘር» ይባላል፤ ሻርሎት ዝዌሪን እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራችው ነው። ዋናው ምስል ግን በ1967 እና 68 የተቀረጸ ነው። ሌሎቹ ሲጫወቱ ሞንክ ከፒያኖው ተነስቶ እዚያው ሲሽከረከር ታያለህ፣ ከዚያ ተመልሶ ሲቀመጥና ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፉ፣ ተንታኝ ቀኑን ሙሉ ቢያወራ የማያስረዳህ ነገር ያኔ ይገባሃል።

ቀጥሎ የሊ ሞርጋንን እይ፣ «አይ ኮልድ ሂም ሞርጋን»፣ 2016። ጥሩምባ ነፊውን በ1972 ኒው ዮርክ ክለብ ውስጥ ተኩሳ የገደለችው እንደ ሚስት አብራው ትኖር የነበረችው ሄለን ሞርጋን ናት። ከሄሮይን ሱስ ተነስቶ ወደ ሥራው እንዲመለስ የረዳችውም እሷው ነበረች! ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ በካሴት የተቀዳ ድምጿ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ እሱን እየሰማህ ለመፍረድ ይከብድሃል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ስለ ጥሩምባ ነፊውና ዘፋኙ ቼት ቤከር የሚያወራው «ሌትስ ጌት ሎስት» በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ በጣም የሚያምር ፊልም ነው። ለጀማሪ ግን አልመክረውም፣ ውበቱ የሰውየውን ጉዳት ይሸፍነዋል ባይ ነኝ።

ብቻ ከማየትህ በፊት የእያንዳንዳቸውን አንድ አንድ አልበም ስማ።