ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አንጎል አዲስ ሕዋስ ያበቅላል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። አባቴ የ61 ዓመት ገበሬ ናቸው፤ በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ተምረዋል። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ እጃቸው ደክሟል፤ የሚፈልጉት ቃል አልመጣ እያላቸውም ይናደዳሉ። የሚገርመኝ ግን ጠዋት ዳዊት ሲደግሙ ቃሉ ብዙም አይጠፋባቸውም። ወንድሜ በስልኩ ያየው ማስታወቂያ በውጭ አገር ስቴም ሴል የሚባል፣ ሌሎች ሕዋሳትን የሚወልድ ሕዋስ በመርፌ ተሰጥቶ የሞተው የአንጎል ክፍል ይታደሳል ይላል፤ ሁለቱን በሬዎችና ባሕር ዛፉን ሸጠን እንውሰዳቸው እያለ ነው። አንጎል አዲስ ሕዋስ ያበቅላል የሚባለው እውነት ነው ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቀድሜ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። በሬዎቹ እንዳይሸጡም ከወዲሁ እለምናለሁ፤ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎ።

በእናንተ አካባቢ በርበሬ መጀመሪያ በመደብ ላይ ፈልቶ፣ ችግኙ ሲጠና ወደ ማሳ ይዛወራል። የሰው አንጎል በማሕፀን ሲሠራ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። መደቡ በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚገኝበት ክፍተት ግድግዳ ነው። በዚያ ላይ ያሉት ስቴም ሴሎች ራሳቸውን እየተኩ ፕሮጀኒተር የሚባሉትን ሕዋሳት ይወልዳሉ፤ ፕሮጀኒተሮቹ ጥቂት ጊዜ ተባዝተው የነርቭ ሕዋስ ወይም የነርቭ ደጋፊ ሕዋስ ይሆናሉ፤ ወጣቶቹ የነርቭ ሕዋሳትም ከመደቡ ተነሥተው እስከ ተመደበላቸው ቦታ ይጓዛሉ። በ2015 እና በ2016 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በብራዚል የዚካ ቫይረስ በተስፋፋበት ጊዜ ጭንቅላታቸው ያነሰ ሕፃናት የተወለዱት ቫይረሱ እነዚህኑ ፕሮጀኒተሮች ስለሚያጠቃ ነበር። መደቡ ላይ የተበላሸ ችግኝ ማሳው ላይ አይገኝም።

ክርክሩ ያለው ስለ አዋቂ ሰው አንጎል ነው። ስፔናዊው የአንጎል ተመራማሪ ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአዋቂ ሰው የነርቭ ሕዋስ ከሞተ አይተካም ብሎ ጻፈ፤ ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ስንማር ኖረናል። በ1960ዎቹ ተመራማሪው ጆሴፍ አልትማን በአዋቂ አይጦች አንጎል አዲስ የነርቭ ሕዋስ አየሁ ሲል ሰሚ አላገኘም። በ1998 ግን የስዊድንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በካንሰር ያረፉ ሰዎችን አንጎል መርምረው ሂፖካምፐስ በሚባለው፣ ትውስታን በሚያገለግለው ክፍል፣ አዲስ የተወለዱ የነርቭ ሕዋሳት አገኙ። በ2013 ደግሞ በስዊድን የዮናስ ፍሪሰን ቡድን፣ የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች በአየር ላይ የበተኑትን ካርቦን 14 የተባለ ጨረር አመንጪ የካርቦን ዓይነት እንደ ዕድሜ መለኪያ ተጠቅሞ፣ በእያንዳንዱ ወገን ሂፖካምፐስ በቀን 700 ያህል አዲስ ሕዋሳት እንደሚጨመሩ ገመተ። በ2018 አንድ ቡድን ከልጅነት በኋላ ምንም አላገኘንም ሲል፣ ሌላው በዚያው ዓመት በአረጋውያንም ዘንድ አገኘን አለ። በ2025 የፍሪሰን ቡድን የሕዋሳቱን ዘረ መል አንድ በአንድ በማንበብ በአዋቂዎች ሂፖካምፐስ ውስጥ የሚባዙ ፕሮጀኒተሮችን ለይቶ አሳየ፤ ብዛታቸው ግን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። እኔም ማስረጃውን ስመዝነው ሕዋሳቱ አሉ ወደሚለው አደላለሁ፤ ሆኖም ጥቂት ናቸው፣ ቦታቸውም የተወሰነ ነው።

ለአባትዎ ወሳኙ ይህ የቦታ ጉዳይ ነው። የቀኝ እጅንና ንግግርን የሚያዝዘው በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራው አንጎል ላይኛ ሽፋን እንጂ ሂፖካምፐስ አይደለም። በ2014 በዚያው በካርቦን 14 መለኪያ ስትሮክ የመታው የሰው አንጎል ሽፋን ሲመረመር አዲስ የተተካ የነርቭ ሕዋስ አልተገኘም። ስለዚህ ማስታወቂያው እውነት የሆነን ነገር ይዞ እውነት ወደማይሆንበት ቦታ ወስዶታል።

በመርፌ የሚሰጠውስ? በእርግጥ ከባድ ምርምር አለ። በ2025 በጃፓን ሰባት፣ በአሜሪካና በካናዳ ዐሥራ ሁለት የፓርኪንሰን (እጅን የሚያንቀጠቅጥና እንቅስቃሴን የሚያዘገይ የአንጎል ሕመም) ታማሚዎች ከስቴም ሴል የተዘጋጁ ፕሮጀኒተሮች ወደ አንጎላቸው እንደገቡላቸው የሚገልጹ ጥናቶች ታትመዋል፤ ዋና ዓላማቸው ግን አደጋ እንደሌለው ማየት ነበር። በደንብ የሚመራ ሙከራ ሕክምናውን ለታማሚው አይሸጥም። አደጋው ደግሞ የወሬ አይደለም፦ ሞስኮ ተወስዶ የፅንስ የነርቭ ስቴም ሴል የተሰጠው አንድ ልጅ ከአራት ዓመት በኋላ ከለጋሾቹ ሕዋስ የበቀለ ዕጢ እንደተገኘበት በ2009 ተዘግቧል፤ ልክ እንደ አባትዎ ስትሮክ የመታው የ66 ዓመት ሰውም በሦስት አገሮች ከተወጋ በኋላ የሌላ ሰው ሕዋስ በአከርካሪው ውስጥ አብጦ እንደተገኘ በ2016 ታትሟል።

ታዲያ አባትዎ ይሻላቸዋል ወይ? ሰባት ወር ገና ነው። ከስትሮክ በኋላ የሚገኘው መሻሻል በዋናነት የሚመጣው የተረፉት ሕዋሳት እርስ በርስ አዲስ ትስስር ሲፈጥሩ ነው፤ ትስስሩም የሚጠናው በልምምድ ነው። ደብረ ማርቆስ ሳለሁ የማያቸው አንዲት እናት በደከመው እጃቸው ሽምብራ ከሰፌድ እያነሱ ስኒ ውስጥ ይጥሉ ነበር። መጀመሪያ አንዷን ፍሬ ለመያዝ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ብዙ ጊዜ ታመልጣቸው ነበር፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ከቀጠሉ በኋላ፣ በዓመታቸው እንዝርት ይዘው ጥጥ ሲፈትሉ አየኋቸው። አባትዎም በቀኝ እጃቸው እንዲሁ ይለማመዱ፤ ግራ እጃቸው ቶሎ እየደረሰ ሥራውን እንዳይነጥቀው ይከልክሉት።

ዳዊቱን ያስተዋሉት እርስዎ ትልቅ ነገር አስተውለዋል። በቃል የተያዘና በዜማ የሚወርድ ንባብ፣ አስበን ቃል እየመረጥን ከምንናገረው ንግግር በተለየ መንገድ ስለሚያልፍ፣ በቀኝ አንጎልም ስለሚታገዝ፣ ብዙ ጊዜ ከስትሮክ ይተርፋል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችም በዚህ ይጠቀሙበታል። ዳዊቱን ሲጨርሱ ወዲያው «ውኃ ስጡኝ»ን በዚያው ዜማ አብራችሁ በሉ፤ ከቀናት በኋላ ዜማውን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ በንግግር ሞክሩት። ቃል ሲጠፋባቸው ቀድማችሁ አትሙሉላቸው።

ባሕር ዛፉን መሸጥ ግድ ከሆነ ገንዘቡ ለፊዚዮቴራፒ ምልልስና ለደም ግፊት መድኃኒት ይዋል፤ ሁለተኛ ስትሮክን ለመከላከል ከሚረዱት ዋነኞቹ አንዱ ግፊቱን መቆጣጠር ነውና። ግፊታቸውን በየሳምንቱ በጤና ጣቢያ አስለክተው ቁጥሩን በደብተር ይመዝግቡ፤ ደብተሩንም በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪማቸው ያሳዩ። ፊታቸው በድንገት ከተጣመመ፣ እጃቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከባሰበት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።